ጎማ ውታፍ፣ አየርና እሳት፦ የማርሚታ ስርጉድ ማውጫ ኪት ሲፈተን

ለችኩል አንባቢ ፍርዴን ከፊት ላስቀድም። ይህ ኪት የማርሚታን ሁለት አፍ በጎማ ውታፍ ደፍኖ ውስጡን አየር በመሙላት ስርጉድ ለማውጣት የታሰበ ነው፤ ይሠራልም። የሚሠራው ግን ለቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ሞተር ሳይክል፣ ነጠላ ግድግዳ ላለው ስስ የብረት ማርሚታ፣ ክብ ለሆነ ስርጉድ፣ እና ካርቶኑ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር በእጁ ላለው ሰው ነው። ያ ነገር እሳት ነው። ሻጮቹ ፎቶው ላይ ጎማውንና ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አሳምረው ያሳያሉ፤ አየር ሲነፋበት ስርጉዱ ብድግ ብሎ የሚወጣ ያስመስሉታል። በአየር ብቻ አይወጣም። ወጣልኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የማርሚታውን ላሜራ ውፍረት ጠይቁት።

እኔ የፈተንኩት ባለ 125 ሲሲ ክሮስ ሞተሬ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር የነዳ ያውቀዋል፤ ማርሚታው ከሲሊንደሩ ፊት ይወጣና ወደ ታች ታጥፎ ሆዱን ለድንጋይ ይሰጣል። የፊት ጎማ የወረወረው ጠጠር ሁሉ ማረፊያው እሱ ነው፤ ሞተሩ በጎኑ ሲወድቅም ብዙ ጊዜ ቀድሞ መሬት የሚነካው እሱ ነው። የኔው ሦስት ቦታ ተመትቷል። ሆዱ ላይ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ፣ አንገቱ ማስፋት ከሚጀምርበት በላይ ክብና ጠለቅ ያለ ስርጉድ፣ ሲሊንደሩ ጋ የሚገባበት ጫፍ አጠገብ ደግሞ ሹል ድንጋይ የሠራው እጥፋት። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ስለሆኑ ኪቱን ለመፈተን ተመቹ፤ ሞተሩን ግን አልተመቹትም።

ስርጉድ ሁሉ እኩል አይጎዳም። በቱ ስትሮክ ላይ ማርሚታው የሞተሩን ሥራ ይጋራል። የጭስ በሩ ሲከፈት የግፊት ሞገድ በአንገቱ በኩል ይወርዳል፤ እየሰፋ የሚሄደው ክፍል ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ የሚስብ ሞገድ ይመልስና ሲሊንደሩን ከጭስ ያጸዳዋል። እየጠበበ የሚሄደው ክፍል ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚገፋ ሞገድ ተመልሶ ሊያመልጥ የወጣውን ያልተቃጠለ ድብልቅ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ይህን ነገር ወደ ሳይንስ ያደረሰው የምሥራቅ ጀርመኑ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ የኤምዜድ መሐንዲስ ቫልተር ካደን ነው። ቅርጹ ምን ያህል ውድ ምሥጢር እንደነበር ለማወቅ 1961ን ማስታወስ ይበቃል፤ በዚያ ዓመት የኤምዜዱ እሽቅድድም ነጂ ኤርንስት ዴግነር ከድቶ ወደ ምዕራብ ሲገባ እውቀቱን ይዞ ሱዙኪ ጋ ሄደ፣ በ1962 ደግሞ በሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ እኛ ድንጋይ ላይ የምንፈጠፍጠው ያንን ቅርጽ ነው።

ስለዚህ አንገቱ ላይ ያለ ስርጉድ መተላለፊያውን ያጠባል፣ ሞገዱንም ያዛባል፤ እሱ መውጣት አለበት። ሆዱ ላይ ያለው ሰፊ ጎድጓዳ ከጠቅላላ ይዘቱ አንጻር ኢምንት ስለሆነ ዓይንን ከማስቀየም ያለፈ ነገር ብዙም አያመጣም። ማርሚታችሁ ሆዱ ላይ ብቻ ገባ ካለና ሞተሩ እንደ ወትሮው የሚሄድ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁማችሁ ሞተራችሁን ንዱ።

ወደ ኪቱ እንምጣ። ካርቶኑ ስም የለውም። ውስጡ ጥቁር የጎማ ውታፎች አሉ፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም። እያንዳንዱ ውታፍ መሐሉን በቡሎን ተበስቷል፤ ፊትና ኋላው ላይ ወፍራም ሮንዴላ፣ ከላይ ክንፍ ያለው ዳዶ። ዳዶውን ስታጠብቁት ሮንዴላዎቹ ጎማውን ይጨምቁትና ወደ ጎን ይሰፋል፣ የቱቦውን ግድግዳ ይነክሳል። ከውታፎቹ የአንዱ ቡሎን ውስጡ ክፍት ነው፤ ጫፉ ላይ የመኪና ጎማ ላይ እንዳለው ያለ ቫልቭና ትንሽ ጌጅ ተገጥሞለታል። ሁለቱን ውታፎች ከውጭ የሚያያይዝ ቀጭን ሰንሰለትም አለ። ሁሉ ነገር ይኸው ነው። ጎማው ጥሩ ነው፣ ጥርስ ያለው ዓይነት፣ የቅባት ፊት ላይ እንኳ አይንሸራተትም። ቡሎኖቹ በደንብ የተሠሩ ናቸው። ሰንሰለቱ ግን ያሳፍራል፤ ለቁልፍ መያዣ የሚሆን እንጂ ግፊት የሚይዝ አይደለም።

ለምን ሰንሰለቱን እንደማጥላላ በቁጥር ላሳያችሁ። 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ውታፍ ፊቱ 12.5 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ስትሞሉ አየሩ ያንን ውታፍ ወደ 38 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። ከተፈተለከ ማንም ፊቱ መቆም የለበትም። ውሃ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ተፍ ብሎ ግፊቱ ያልቅ ነበር፤ የታመቀ አየር ግን ጉልበቱን አጠራቅሞ ስለሚይዝ ውታፉን እየተከተለ መግፋቱን ይቀጥላል። እኔ የተሰጠኝን ሰንሰለት ትቼ ሁለቱን ጫፍ በእቃ ማሰሪያ ቀበቶ፣ ባለ መቆለፊያውን ዓይነት፣ እሳት በማይደርስበት ጎን አሰርኩት። ከዚያ በኋላም የውታፎቹ አቅጣጫ ወደ ግድግዳ እንጂ ወደ ሰው እንዳይሆን አድርጌ ሞርሳ ላይ አጠበቅኩት። ታናሽ ወንድሜ አየሩን እንዲይዝልኝ ስጠራው ዝግጅቱን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ወንድምዬ፣ ይሄ ማርሚታ ነው ፈንጂ?» አለኝ። መልሴ «ቫልቩ ጋ ቁም፣ ጫፉ ጋ አትቁም» ነበር።

መመሪያው ወረቀት ስለ ጽዳት የሚለው ነገር የለም። ይህን ዝምታ በቀላሉ አላልፈውም። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ውስጡ ያልተቃጠለ ዘይትና ጥላሸት ተጋግሮበታል። ይህን ዘግታችሁ፣ አየር ሞልታችሁ፣ ከውጭ በእሳት ስታግሉት ውስጥ ምን እየተዘጋጀ እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ይታጠብ፤ ጓንትና መነጽር ሳይረሳ፣ አሉሚኒየም ያለበት ማርሚታ ላይም ሳይሆን፣ ምክንያቱም ሶዳው አሉሚኒየምን ይበላል። ጥላሸቱ የደረቀ ከሆነ ቁራጭ ሰንሰለት ውስጡ ከትቶ መወዝወዝ ይረዳል። ከዚያ በውሃ አለቅልቆ ማድረቅ። ከደረቀም በኋላ ውታፎቹ ሳይገቡ፣ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ሆኖ፣ ደጅ ላይ ቀለል ባለ እሳት ይሞቅ፤ የቀረው ዘይት ጭሶ ይለቅ። ጭሱ እስኪያቆም ድረስ ወደ ውታፉ አትሂዱ።

ሁለት ነገር ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። አንደኛ፣ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ለማጠቢያ አይሁን። ሽታው ቢጠፋም ቅሪቱ ሲግል ፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። ሁለተኛ፣ የብየዳው የኦክሲጅን ሲሊንደር አጠገባችሁ ስለቆመ ብቻ ማርሚታውን በኦክሲጅን እንሙላው የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ አባሩት። ዘይትና ንጹሕ ኦክሲጅን በግፊት ከተገናኙ ክብሪት አይጠብቁም። የሚሞላው አየር ነው፣ ከኮምፕሬሰር፣ በሬጉሌተር (በግፊት መቆጣጠሪያ)።

አሁን እሳት ለምን እንዳስፈለገ። የማርሚታ ላሜራ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ሆዱ 100 ሚሊሜትር ስፋት ቢኖረው 3 ባር ግፊት በግድግዳው ላይ የሚያሳድረው ጫና 15 ሜጋፓስካል ብቻ ነው። ተራ ለስላሳ ብረት ቀዝቃዛ እያለ ቅርጹን ለመለወጥ ከ200 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀዝቃዛው ማርሚታ 3 ባርን ከቁም ነገርም አይቆጥረውም። ብረቱ 800 ዲግሪ ሲደርስ ግን ጥንካሬው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። አየሩ በሁሉም ቦታ እኩል ይገፋል፤ የሚሸነፈው የቀላው ቦታ ብቻ ነው። የዚህ ዘዴ ውበት ይህ ነው፦ የትኛው ቦታ እንደሚንቀሳቀስ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ በእሳት ጫፍ።

መመሪያው ስለ እሳቱ የሰጠው አንድ መስመር ሲሆን የሚለውም «እንደ አስፈላጊነቱ ያሙቁ» ነው። ምን ያህል? በምን? የት ተጀምሮ? ዝም።

ትንሿን የእጅ ፕሮፔን ቶርች አስቀድሜ ይዤ ነበር። አንገቱ ላይ ለጠበበ ስርጉድ እንደ ምንም ትሆናለች፤ ከእጅ መዳፍ የሚሰፋ ቦታን ግን ማቅላት አትችልም። በአንድ በኩል ታሞቃለች፣ ላሜራው በሌላ በኩል ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ለሆዱ የኦክሲጅንና የአሲቴሊን ቶርች በውሰት መጣ፣ መካከለኛ አፍ ያለው። እሱ ነው ነገሩን ሥራ ያደረገው። ብየዳ የማታውቁ ከሆነ ለዚህ ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቶርች መያዝ የሚችል ሰው ጠርታችሁ እናንተ አየሩን ያዙ።

ከማቀጣጠል በፊት ቀዝቃዛውን ማርሚታ 1 ባር ያህል ሞልታችሁ የብየዳ መስመሮቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀቡት። አረፋ የሚሠራበት ቦታ ያፈሳል። እንደ መርፌ ጫፍ የሆነች ቀዳዳ አታሳስብም፣ ኮምፕሬሰሩ ያካክሰዋል። መስመር ይዞ የሚያፈስ ከሆነ ግን ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቅ አጠገብ እሳት ብታነዱ ስርጉዱ ከመውጣቱ በፊት ስንጥቁ ይከፈታል። ቀድሞ ይበየድ።

ሥራውን ጥላ ያለበት ቦታ ላይ አድርጉት። ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ ግን ከኪቱ ጥራት በላይ ለውጥ ያመጣል። ፀሐይ ላይ የጠቆረው ቀይ አይታይም፤ ብረቱ ገና ነው ብላችሁ ስታግሉት በድንገት ብርቱካናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ያኔ አየሩ ቀጥ ብሎ አሳብጦት ይወጣል። ጥላ ውስጥ ግን ቀለሙ ይነበባል፦ መጀመሪያ ጥቁርና ቀይ የተቀላቀለበት፣ ከዚያ የበሰለ ቼሪ ቀለም። የምትፈልጉት ቼሪውን ነው። ከዚያ ወዲያ አትሂዱ።

እሳቱን ስርጉዱ መሐል ላይ አትጀምሩ። የሁሉም ሰው እጅ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፣ ጎድጓዳው እዚያ ስለሆነ። ብረቱን የቆለፈው ግን ዙሪያው ነው፤ ስርጉዱ ዙሪያውን ትንሽ ከፍ ያለ ከንፈር አለው፣ በጣት ስትዳብሱት ይሰማል። እሱ ካልተፈታ መሐሉ ቢቀላ ብቻውን ይለጠጥና ይሳሳል። ስለዚህ ነበልባሉን በከንፈሩ ላይ እያዞራችሁ፣ ሳታቆሙ፣ ቀስ በቀስ ክቡን እያጠበባችሁ ወደ መሐል ግቡ። ግፊቱ 1.5 ባር ላይ ይጀምር። ካልተነሳ ከፍ ይበል፣ ከ3 ግን አይለፍ።

አንገቱ ላይ ያለው ስርጉድ የወጣው እንዲህ ነው። ከንፈሩ ቼሪ ቀለም ያዘ፣ ምንም የለም። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ገባ፣ አሁንም ምንም የለም። ወንድሜ ጌጁን እያየ «ሁለት ተኩል» አለ። ከዚያ የስርጉዱ ታችኛው ጠርዝ ላይ ያለው ጥላ ቀጠነ። ድምፅ የለውም፤ ዓይናችሁ ነው የሚያታልላችሁ የሚመስለው። ጥላው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ፣ ከዚያ መሐሉ በዝግታ ብቅ አለ። እሳቱን ያነሳሁት ገና ሙሉ በሙሉ ሳይስተካከል ነው፤ የቀላ ብረት እሳቱ ከተነሳ በኋላም ጥቂት ሰከንድ ስለሚንቀሳቀስ ቀሪውን እሱ ጨረሰው። ገና ሳይጠቁር ከንፈሩ የነበረበትን ዙሪያ በቀላል ባቲላሜራ መዶሻ ዳበስ ዳበስ ሳደርገው መስመሩ ጠፋ። በውሃ አላቀዘቀዝኩትም፣ እናንተም አታድርጉት፣ ላሜራው ይጣመማል።

ሆዱ ላይ ያለው ሰፊ ጎድጓዳ በአንድ ጊዜ አይሞከርም። በክፍል በክፍል ነው የሚነሳው፣ አንዱ ጎን ሲስተካከል ወደ ሌላው እየተዛወራችሁ። አሁን ብርሃን ሲያርፍበት ትንሽ ወላወል ይላል፤ ከሁለት እርምጃ ርቀት የሚያየው የለም። አንድ ቦታ ላይ ብረቱ ከሚገባው በላይ ሊነሳ ሲል አየሩ ተቀንሶ ገና ቀይ እያለ በጠፍጣፋ መዶሻ ይመለሳል። ይህ እንዲቻል አየሩን የያዘው ሰው የሚያወራ ሳይሆን የሚሰማ መሆን አለበት።

እጥፋቱ አልወጣም። ግማሽ ያህሉ ተነሳ፣ የታጠፈው መስመር ግን እንዳለ ቀረ፤ ብረት አንዴ ስለት ይዞ ከታጠፈ እዚያ ቦታ ላይ ይለጠጥና ይደድራል፣ አየር ደግሞ መስመር ላይ ለይቶ መግፋት አይችልም። ሁለተኛው ችግር ቦታው ነው። ለጫፉ ቅርብ ስለሆነ ውታፉ ያለው እዚያው ስር ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ብጠቀልልበትም ጎማው መሽተት ሲጀምር ተውኩት። ውታፉ ከተቀመጠበት ጥቂት ጣት ርቀት ውስጥ ያለ ስርጉድ በዚህ ኪት አይሞከርም ብላችሁ ያዙት። እንዲህ ላለው ንጹሑ መንገድ ማርሚታውን በብየዳ መስመሩ ቆርጦ ከውስጥ በመዶሻ አስተካክሎ መልሶ መበየድ ነው። ለዚያ ደግሞ ኪት አያስፈልግም፣ ጥሩ በያጅ እንጂ።

ከሌሎቹ ዘዴዎች ጋር ሳነጻጽረው፣ ውሃ ሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቶ ማደር ብዙ ደጋፊ አለው። ውሃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ጉልበቱም አስፈሪ ነው። ችግሩ በረዶው ስርጉዱን አይመርጥም፤ ደካማውን ይመርጣል፣ ደካማው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያረጀ የብየዳ መስመር ነው። አዲስና ጠንካራ ብየዳ ያለው፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚገባ ማርሚታ ካላችሁ ሞክሩት፤ እኔ ግን የማርሚታዬን ዕድል ለበረዶ አልሰጥም። በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ በበረዶ ማቀዝቀዝ የሚባለው ሰፊና ስስ የመኪና ላሜራ ላይ አንዳንዴ ይሳካል፤ የማርሚታ ቱቦ ክብነቱ ራሱ ስለሚያደድረው ፍንክች አይልም። የመሳቢያ ጎማም እዚህ ክብ ፊት ላይ አይጣበቅም። ቁራጭ ብረት ስርጉዱ መሐል ላይ በይዶ በሚንሸራተት መዶሻ መሳብ ግን የምር ዘዴ ነው፤ ጫፍ አጠገብ ላለ ስርጉድ ከኪቱ ይሻላል። ጠባሳው በሞላ መሞረድና መቀባት አለበት፣ ያው ነው።

ጎዳና ላይ የምትነዱ፣ ባለ ፎር ስትሮክ ሞተር ያላችሁ፣ ለእናንተ ይህን ኪት አልመክርም፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። የብዙዎቹ የክሮም ማርሚታ አንገት ድርብ ግድግዳ አለው፤ አየሩ የሚገፋው የውስጠኛውን ቱቦ ነው፣ እናንተ የምታዩት ስርጉድ ደግሞ የውጭው ላይ ነው። እንዲያም ባይሆን ክሮሙ እሳት ሲነካው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ስቴንለስ ስቲል ይንቀሳቀሳል ግን ይህን ያህል ሲግል ዝገት መቋቋሙን በዚያ ቦታ ላይ ሊያጣ ይችላል። ቲታኒየም ክፉኛ ሲግል ከአየሩ ኦክሲጅን ወስዶ ተሰባሪ ይሆናል፣ ስለዚህ አይነካ። አሉሚኒየም ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊት ቀይ ሆኖ አያስጠነቅቅም፤ ልታዩት የምትጠብቁት ቀለም ሳይመጣ ቀዳዳው ይመጣል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭሱን መርዝ የሚቀንስ ክፍል) ያለበት ማርሚታ ላይ መዶሻም እሳትም አታሳርፉ፣ ውስጡ ሊጎዳ ይችላል። የድምፅ መቀነሻው ሲሊንደር ላይ ያለ ስርጉድም የዚህ ኪት ጉዳይ አይደለም፦ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦና ማሸጊያ ጥጥ ስላለው ሪቬቱን ፈትቶ፣ ውስጡን አውጥቶ፣ በክብ እንጨት ላይ አስደግፎ መምታት ይቀላል።

ከሥራው በኋላ እሳት የነካው ቦታ ራቁቱን ነው፤ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ፣ በሟሟ ተወልውሎ፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቀለም ይቀባ፤ እስከ 650 ዲግሪ የሚችል የሚል የተጻፈበት። ቀለሙ የሚጠነክረው ሞተሩ ሲግል ነውና መጀመሪያ አጭር አስነስቶ ማጥፋት፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ትንሽ ረዘም ማድረግ። ስትገጥሙትም አሮጌውን ጓርኒሲዮን ወይም ኦ-ሪንግ አትመልሱት፣ ሞላዎቹም ከላሉ ይቀየሩ፤ ሲሊንደሩ ጋ የሚያፈስ ማርሚታ የወጣውን ስርጉድ ዋጋ ያሳጣዋል።

ኪቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከሰንሰለቱ ሌላ ሁለት ነው። ጌጁ እስከ 10 ባር ይቆጥራል፤ እኛ የምንሠራው ከ1.5 እስከ 3 ባለው ውስጥ ስለሆነ መርፌው የምትንቀሳቀሰው ጥግ ላይ ነው፣ ጥላ ውስጥ ደግሞ ለማንበብ ያታክታል። ቫልቩ ይባስ። ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ በመሆኑ በፓምፕ ሞልታችሁ ከለቀቃችሁት አየሩ ታሰረ ማለት ነው። የታሰረ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይወጣል፤ ውስጡ በአማካይ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ቢሄድ 3 ባር የነበረው ከ4 ያልፋል፣ ማንም ሳይነካው። እኔ ቫልቩን ፈትቼ የኮምፕሬሰሩን ጎማ በቀጥታ የሚይዝ ማገናኛ አስገባሁበት፣ ከኋላው ትርፍ ግፊት የሚለቅ ሬጉሌተር። ሠሪዎቹ ይህንን ከመጀመሪያው ቢያደርጉት ምን ነበር? ዕቃው ትንሽ ነው፣ ልዩነቱ ግን የአንድ ሰው ፊት ነው።

ይህ ሁሉ ተብሎም፣ በቱ ስትሮክ ጭቃና ድንጋይ ላይ የሚውል ሰው ከሆናችሁና ቶርችና ኮምፕሬሰር የምታገኙበት ካላችሁ፣ ግዙት። ውታፎቹ ብቻቸውን ይበቁታል፤ በቤት ከጎማ ቆርጣችሁ የምትሠሩት እንዲህ አይነክስም። ከማዘዛችሁ በፊት ግን የማርሚታችሁን ሁለቱንም አፍ በካሊፐር ለኩ፣ የውስጡን ስፋት እንጂ የውጩን አይደለም። በተለይ ጭራውን፤ እሱ ቀጭን ስለሆነ የኪቱ ትንሹ ውታፍ እንኳ ላይገባው ይችላል። አንገቱም በመውደቅ ብዛት ከክብነት ወጥቶ ሞላላ ሆኖ ከሆነ ውታፉ አንድ ጎን ይዞ ሌላውን ያፈሳል፤ መጀመሪያ አፉን በክብ ብረት አስገብታችሁ መልሱት፣ ከዚያ ውታፉ ይግባ።